ዘሀራ ያልጠበሰችው ዓሣ

ማክሰኞ

...ላሞቹ ሐይቁ ዳር ደርሰው ቆሙ፤ አንዷም አልጠጣችም። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ነበር፣ እንደ ቀለም የወፈረ። አባቴ ጅራፉን ይዞ ውሃውን ያያል፤ ከዚያ ምን እንዳደረገ... «ጽጌ! መስኮቱን ዝጊ!» ማዳም ናት፣ አሠሪዬ። ትዝታዬ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

እዚህ ዓረብ አገር፣ መስኮቱ ከፊንጣስ ባሕር ፊት ለፊት ነው። ባሕሩ ቀልቷል። የደም ቅላት አይደለም፤ የዛገ በርሜል ውስጥ የከረመ ውሃ ይመስላል። ማዳም ከስልኳ አንብባ ነገረችኝ፦ አልጌ ይባላል፣ አንዱን ብቻውን ዓይን አያየውም፣ ሙቀት ሲመቸው ይራባል። ሲሞትና ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሦቹ ታፍነው ያልቃሉ።

የማይታይ ነገር ባሕር ሲያቀላ። ፈራሁት። አደነቅሁትም።

ለዘሀራ ነገርኳት። ዘሀራ የደሴ ልጅ ናት፤ ወጥ ቤቱ የሷ ነው፣ ጽዳቱና ልጆቹ የኔ። ሽንኩርት እየከተፈች «ታዲያ እኔን ምን ታዪኛለሽ? ያፈንኳቸው እኔ ነኝ?» አለች።

ረቡዕ

ሽታው በተዘጋ መስኮትም ይገባል። ትንሿ ልጅ ስትስል ዋለች። እኔንም ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ሽታው ይሁን ፍርሃቴ አልለየሁም።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቆሻሻ ልንጥል ወረድን። ዘሀራ እጄን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ፣ እስከ ድንጋዮቹ። ሞገዱ በተሰበረ ቁጥር ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል። ጠጠር ወረወረች፤ የወደቀበት ቦታ በራ።

«ሱብሐነላህ!»

«የሚገድል ነገር እንዲህ ያምራል?» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ! ቆንጆ ገድሎ አያውቅም?»

ሳቅን። ከዚያ እግራችን ስር አየሁ። ድንጋዮቹ መሃል የሞቱ ዓሦች ተደርድረዋል፣ አፋቸውን እንደከፈቱ። ሳቄ አሳፈረኝ። ብርሃኑን ግን ዞሬ ዞሬ አየሁት።

ሐሙስ



ባባ ዑድ፣ የማዳም አባት፣ ከባሕር ዳር የለቀሙትን ዓሣ በባልዲ ሞልተው መጡ። ሐሙስ ሐሙስ ጓደኞቻቸው ዲዋኒያቸው ይሰበሰባሉ፣ የወንዶቹ እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ፤ እራቱን ዘሀራ ታበስላለች። ሽማግሌው ደስ ብሏቸዋል። በወጣትነታቸው ባሕሩ ራሱ ያበላቸው እንደነበር አወሩ።

ዘሀራ አንዱን አንስታ አገላበጠችው።

«ባባ፣ ይኼ ሞቶ የተገኘ ነው።»

«የባሕር በድን ሐላል ነው፤ አታውቂም እንዴ?»

«አውቃለሁ ባባ። ሐላልነቱን አልካድኩም። ግን ምን እንደገደለው አላውቅም። አላበስለውም።»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። ሃይማኖታቸውን የተጠራጠረችባቸው ነው የመሰላቸው። እኔ ጨርቅ ይዤ የታጠበ ሳህን ደግሜ አደርቃለሁ። ማዳም ድምፅ ሰምታ መጣች።

«ወጥ ቤቱ የማነው? ያንቺ ነው?»

«ያንቺ ነው ማዳም። ልጆችሽን የሚያበላው እጅ ግን የኔ ነው።»

እንዲህ ይባላል? ለማዳም? እኔ በሕልሜም አልለው።

«ቅዳሜ መክተብ እመልስሻለሁ!»

መክተብ ያስመጣን ቢሮ ነው። መመለስ ማለት ሌላ ቤት፣ ምናልባት ስልክ የሚቀማበት። ወይም ትኬት ቆርጠው ወደ አገር። ዘሀራ ደሴ ላይ የምታስተምራት ሴት ልጅ አለቻት።

ባልዲውን ወደ ታች አወረደች፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገልብጣ ድመት እንዳይበላው በረኪና አፈሰሰችበት። «ድመቶቹስ ምን በደሉ?» አለችኝ። ተመልሳ ዶሮ አበሰለች። እንግዶቹ ምንም ሳያውቁ በልተው አመሰገኑ።

ስንተኛ ጠየቅኳት፤ «አልፈራሽም?»

«ፈራሁ እንጂ። የፈራ ሰው ዓሣ ይጠብሳል ያለሽ ማነው? አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ተኚ።»

ዓርብ

ባሕሩ ዛሬም ቀይ ነው።

የበር ጠባቂው «ታፍኖ የሞተ ዓሣ ምን ያደርጋል፣ ስንቱ በልቶታል» ይላል። የማዳም ስልክ ደግሞ አትንኩት ይላል፤ አንዳንዱ አልጌ መርዝ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ይኼኛው የትኛው ነው? የሚነግረን የለም። ዘሀራ ልክ ትሁን አትሁን አላውቅም። እሷም አላወቀችም። የማደንቀው እሱን ነው። እኔ እርግጠኛ ሆኜ እንኳ ዝም እላለሁ፤ እሷ ሳታውቅ፣ አለማወቋን ተናግራ፣ እምቢ አለች።

ሌላም የማደንቀው አለ። ጠዋት ለባባ ዑድ ሻይ ስትወስድ እንደ ሁልጊዜው ሄል ጨመረችበት። አላኮረፈችም፣ አልተለማመጠችም።

እሳቸው ቀና ብለው አላዩዋትም። ከምሳ በኋላ ግን ሳህናቸውን ራሳቸው ይዘው ወጥ ቤት መጡ። እዚህ ቤት ከገባሁ እንዲህ ሲያደርጉ አላየሁም። የሆነ ነገር ሊሉ ፈለጉ፤ እኔን አዩና ሳህኑን አስቀምጠው ወጡ። ይቅርታ ነው? ስንብት ነው?

ዘሀራ ሻንጣዋን አልነካችውም። እኔ ነኝ አልጋዋ ስር እያጎነበስኩ የማየው።

ይህን ስጽፍ ማዳም ከሳሎን ጠራች። «ዘሀራ!» ቁጣ የለበትም። ደስታም የለበትም። የባባ ዑድ ሳል ከውስጥ ይሰማል።

ዘሀራ እጇን ጠረገች፣ ሻሿን አስተካከለች።

«አብሬሽ ልግባ?» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ሳቀች። «አንቺ? ገብተሽ ሳህን ልታደርቂ? ሩዙን እይልኝ፣ እንዳያርብኝ።»

ሄደች። በሩ ተዘጋ።