ሰባት ሰው የምትይዘው ላንድሮቨር

አለልኜ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ስለ አንተ መጻፍ በጀመርኩ ቁጥር ወረቀቱን እሳት ውስጥ ስለምከተው ነው። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው እጽፋለሁ።

አሁንም እዚያው እንጅባራ ነን። የፊት ለፊቱን ክፍል ቀበሌው ወስዶታል፤ የምንኖረው በጓሮ በኩል ባለው ነው። ታላቁ ልጃችን ጌትነት ድምፁ ጎርንኗል፤ ከኋላዬ ሲጠራኝ አንተ እየመሰልከኝ ስንት ጊዜ ደንግጬ ዞሬያለሁ። ትንሿ ብርቱካን ትምህርት ቤት ገባች። እኔ ገበያ ድንች እሸጣለሁ። ግራ እግሬን እጎትታለሁ፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

በዚያች መኪና የተጨቃጨቅነውን ታስታውሳለህ? ስድስተኛው ልጃችን ነው ያመጣት። ምጥ ጠንቶብኝ በጋሪ ወደ ዳንግላ ሐኪም ቤት ስትወስደኝ ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ፣ መንገድ ላይ ሞተ። በነጠላዬ ጠቅልለህ ታቅፈኸው ስንመለስ «ሁላችንንም የሚይዝ መኪና እገዛለሁ» አልክ። ሐዘን ያናገረህ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን የምትኮራባቸውን ፈረሶችህን ሁሉ ሸጥክ።

ባሕር ዳር አብረን ሄድን። ሻጩ አገር ለቀው የሚሄዱ አረብ ሽማግሌ ነበሩ። ላንድሮቨሯ አረንጓዴ ናት፣ ቀለሟ ተልጧል፤ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ፊት ለፊት በሚተያዩ ወንበሮች ላይ አራት ሰው ትይዛለች። አንተ የፈረስ ነጋዴ አይደለህ፣ የፈረስ ጥርስ እንደምታይ ኮፈኑን ከፍተህ አጎነበስክ። ሽማግሌው ሳቁብህ።

«ቤንዚን በጣም ትጠጣለች፤ መንገድ ላይ ግን ጥላህ አትቀርም» አሉህ።

እኔ ወደ ጎን ጎተትኩህና «ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ምን ልናጠጣት ነው?» አልኩህ።

«ለሐኪም ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የምነዳት።»

ቤት ስንደርስ አምስቱም ልጆች ዘለው ገቡባት። ሰባታችንም ተቀምጠን ዳንግላ ደርሰን ተመለስን። ልጆቹ አቧራ እየቃሙ ሲዘፍኑ ዋሉ፤ እኔም ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጠባቂዎቹ መጡ። አዛዣቸው ጥላሁን «መኪናዋ ለአብዮቱ ትፈለጋለች። የምትነዳውም አንተ ነህ» አለህ። እምቢ ስትል በጠመንጃ ሰደፍ አፍህን መታህ፤ ሁለት ጥርስህ ልጆቹ ፊት ወደቀ። አፈሙዝ ጎንህ ላይ ደግነው ወሰዱህ። በማግስቱ ስትመለስ የኋላው ወለል ላይ ደም ረግቶ ነበር። በባልዲ ስታጥብ ላግዝህ ብጠጋ «አትንኪው!» ብለህ ጮህክብኝ። ምግብም አልቀመስክ።

«የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው» አልከኝ። «አንዱ ውኃ ለመነኝ። እንዳልሰጠው ከለከሉኝ። ከዚያ ገደሉት።» ይህን ብለህ ግንባርህን ከግድግዳው ጋር ታላትመው ጀመር፤ ይዤ ማቆም አቃተኝ።

በሁለተኛው ጊዜ ሲጠሩህ ግን እምቢ ሳትል የመኪናዋን ቁልፍ አንሥተህ ሄድክ። ያ ነው የመጨረሻችን። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ከኋላ ታስራ የነበረች አንዲት መምህርት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ወረቀት ሰው እጅ ይገባል። እስካሁን ተደብቃ ትኖራለች።

ከፊት አንተና ሁለት ጠባቂዎች፣ ከኋላ የፊጥኝ የታሰሩ አራት እስረኞች ነበራችሁ። ዘንገና ሐይቅ ሳትደርሱ፣ የዳገቱ አናት ጥቂት ሲቀር መኪናዋን አቆምክና «ቤንዚኑ አልመጣ አለ፤ ወርዳችሁ ግፉ» አልካቸው። እየተሳደቡ ወረዱ፣ ጠመንጃቸውን አንግተው ገፉ። አናቱ ላይ ሲያደርሷት ሞተሩን አስነሥተህ ቁልቁል ለቀቅካት።

«ዝቅ በሉ!» ብለህ ስትጮህ የኋላው መስታወት ረገፈ። አንዱን ልጅ ጥይት ጭንቅላቱን መታው፤ ደሙ መምህርቷ ፊት ላይ ተረጨ። ሌላው ጥይት አንተ ጀርባ ገባ። መሪውን ግን አልለቀቅክም፤ ባሕር ዛፉ መሀል ገብታ እስክትላተም ነዳሃት። ከዚያ በደረትህ እየተሳብክ ሄደህ የኋላውን በር ከፈትክላቸው፣ ገመዳቸውን በሴንጢህ በጠስክ። «ሩጡ፣ ዞራችሁ አትዩ» አልካቸው። እሷ ግን ዞራ አየች። ጠባቂዎቹ ደርሰው በሰደፍ ሲወቅጡህ አየች።

እግርህን በገመድ አስረው ጎትተው ቀበሌው በር ላይ ጣሉህ። ማልቀስ ክልክል ነው ተባለ። እኔ ሬሳህ ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ የእናቴ ቋንቋ ቀደመኝና በአገውኛ ጮህኩ። ጥላሁን ከላይህ ሊያነሣኝ ፀጉሬን ይዞ ሲጎትተኝ እጄ ድንጋይ አገኘ። ፊቱን መታሁት፣ ደገምኩት፣ እስኪይዙኝ ድረስ መታሁት። አንድ ዓይኑ ጠፋ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እስካሁን አላሳዘነኝም። ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ፤ ግራ እግሬም ያኔ ተሰበረ። ከእስር ስወጣ የት እንደቀበሩህ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

ልጆቹን በሰፈር «የፀረ አብዮት ልጆች» ይሏቸዋል። ብርቱካን ባለፈው ወር «አባዬ ለሌላ ሰው ልጆች ብሎ እኛን ለምን ተወን?» አለችኝ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ በዚሁ ነገር ተቆጥቼሃለሁ!

ባለፈው እሑድ አምስቱንም ይዤ በእግር ወደዚያ ዳገት ወጣሁ። ከባሕር ዛፉ ሥር አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ፣ ደሙንም ሳልሸሽግ፣ ነገርኳቸው። ጌትነት ፊቱን አዞረ። ብርቱካን አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት «ከዚያስ፣ አመለጡ?» አለች።

«ሦስቱ አመለጡ።»

ትንሽ አሰበችና ዓይኗን ጠረገች። «ጥሩ አደረገ» አለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስምህን በሹክሹክታ ነበር የምንጠራው፣ አለልኜ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት በሙሉ ድምፅ ትጠራለህ፤ የእኔ ድምፅ ሲደክም ደግሞ ልጆችህ ይጠሩሃል።

ሚስትህ ጥሩወርቅ