ለአውሮፕላኑ ያስተማርከው ስም

ገንዳ ውሃ፣ ጥቅምት 2006 ዓ.ም.

ውድ ሸጋው፣

«ውድ» ያልኩህ የጎልማሶች መምህራችን ምስራቅ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ስላለችኝ ነው። የዓይን ሞራህ ተገፎ ፋሻው ሲፈታልህ ራስህ አንብበው። ጎንደር የምታስታምምህ ልጃችን ሀኒ እንዳታነብልህ፤ የእናትና የአባቷን ጉድ ምን ታደርገዋለች?

ያን ኮምፒውተር ከገዛህ ወዲህ በገዛ ቤቴ ትርፍ ሰው ሆኛለሁ። አየር ኃይል መካኒክ ነበርክ፤ ሌላው የሚያበረውን ስትጠግን ኖረህ አንድ ቀን ሳትወጣበት ተበተናችሁ። አሁን የትራክተሩን ግራሶ ከእጅህ ታጥበህ ትቀመጥና በኮምፒውተሩ ጨዋታ ውስጥ የጦር አውሮፕላን ታበራለህ። በዚያ አልቀናሁም። የቀናሁት በአነጋገርህ ነው። ማይኩን አፍህ ላይ አድርገህ አውሮፕላኑን በቃልህ ስታዘው ድምፅህ ይለሰልሳል፤ ካልሰማህም ሳትቆጣ ትደግምለታለህ። ለኔ «አንቺ፣ ውሃ!» ነው። አንዴ ካልሰማሁ በሩ ይደበደባል።

በሩን ዘግተህ ስለምትጫወት ድምፅህ እንጂ ቃሉ አይለየኝም ነበር። አውሮፕላኑ የሚታዘዝባቸውን ቃላት ግን ወረቀት ላይ ጽፈህ ግድግዳው ላይ ለጥፈሃል። ሦስት ዓመት ከስሩ ስጠርግ ለኔ የጉንዳን መንገድ ነበር። ፊደል መቁጠሬን ንቀኸው ሳትነቅለው ሄድክ። ባለፈው እሑድ የሰሊጡን አቧራ ሳራግፍ ቆም ብዬ አነበብኩት።

«እሳት — ሚሳይል ተኩስ። ወንድሜ — ተከተለኝ። ዘምዘም — ለማረፍ ጎማ አውርድ።»

ዘምዘም! ሱዳን፣ ገላባት ሻይ የምታፈላዋ! ደርግ ወድቆ ድንበር ተሻግረህ ሁለት ዓመት ስትጠፋ ማን እንዳበላህ አገር ያውቃል። እኔ መመለስህ ይበቃኛል ብዬ አፌን ዘጋሁ። ለካ ሰማይ ለሰማይ ዞረህ መሬት የምትደርሰው በሷ ስም ኖሯል።

ፕሮግራሙን የጫነልህን ኸሊልን ከሱቁ አስጠራሁት።

«ይህን ስም ከውስጡ አጥፋልኝ።»

«ማጥፋቱስ ቀላል ነው፣ እትየ። ጎማው በምን ይውረድ ታዲያ?»

«በኔ!»

ሳቀ። «ወላሂ ጋሽ ሸጋው ይገድሉኛል! ደግሞ የለመደው የሳቸውን ድምፅ ነው። ስምዎን እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ካላስለመዱት አይሰማም። ቢያንስ ሃያ ጊዜ ይበሉት።»

ቁጥሩን ስሰማ ቁጭ አልኩ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳር ስሜን ከአፍህ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ በሰርጋችን ቀንና ሀኒን ስወልድ የሞትኩ መስሎህ ስትጮህ። ዘምዘምን ግን በቀን ስንቴ ጠራሃት?

ኸሊል ስሟን አጥፍቶ ሄዷል። አውሮፕላንህ ማረፊያ ቃል የለውም።

ቅዳሜ ትመጣለህ ብላኛለች ሀኒ። ስሜ ካልወጣልህ ገንዳ ውሃ ላይ አትውረድ። አውቶቡሱ መተማ ዮሐንስ ድረስ ይዘልቃል፤ ድልድዩን ወደ ገላባት መሻገር ደግሞ ታውቅበታለህ። ከወረድክ ግን እህል ሳትቀምስ ማሽኑ ፊት ተቀመጥና በሩን ክፍት አድርገህ ስሜን አስተምረው። እኔ ጓዳ ሆኜ እቆጥራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ብታቆም አልቀበልህም።

ሚስትህ
ወለተሥላሴ