ያልበደለችው ይቅርታ ስትጠይቅ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፍሎረንቲና፣
ሊማ

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? የሊማ ጭጋግስ ደረትሽን ተወት አደረገልሽ? እኛ ውርጩ ጣት ቢቆርጥም ደህና ነን። ደህና የምልሽ ግን ለወጉ ነው፤ የክርስትና ልጅሽ ኤልቪያ ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመች ሦስት ሳምንቷ ነው።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ጉልበተኝነትን የሚያስቀር ፕሮግራም አመጣሁ ብሎ ግድግዳውን ሁሉ በሚስቁ ልጆች ሥዕል ሸፈነው። እኔንም የወላጅ ተወካይ ነሽና ሐሳብ አምጪ አሉኝ። አዋቂ ተብዬ ዝም እላለሁ? በመንደራችን የተጣሉ ሰዎች ትልቁ ጾም ሳይገባ ፊት ለፊት ተንበርክከው ይቅር ይባባላሉ፤ ተማሪዎቹም ሰኞ ሰኞ ባንዲራው ሥር እንዲያ ያድርጉ አልኩ። አጨበጨቡልኝ፣ እኔም ኮራሁ።

ወር ሳይሞላ ያዲራ የምትባል የባለ ፋርማሲው ልጅ የኤልቪያን የፀጉር ጉንጉን በመቀስ ቆረጠችባት። የአገራችን ቋንቋ ኬችዋ ከኤልቪያ አፍ ባመለጠ ቁጥር "የተራራ በግ" ስትላት ነው የከረመችው። ሄጄ ከሰስኩ። ዳይሬክተሩ ዶን ዊልበር፣ "ራስሽ ያመጣሽው ሥርዓት አለ አይደል? ሁለቱም ይቅርታ ይጠያየቁ" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ልጄ፣ "እማዬ፣ እኔ ምን አድርጌ ነው ይቅርታ የምጠይቃት?" አለችኝ። እኔም፣ "ተይ አሁን፣ ሰው እየጠበቀ ነው" ብዬ ትከሻዋን ገፋኋት። ተንበረከከች። ያዲራ ሳቋን እየዋጠች ይቅር አለቻት፤ ፎቶም ተነሡ። እኩያ ከእኩያው ለሚታረቅበት ወግ፣ እኔ ደንቆሮዋ መቺና ተመቺን አቀረብኩበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሪፖርቱ ላይ "ጉዳዩ ተፈትቷል" ይላል፣ ከሥሩ የኔ ፊርማ አለበት። ልሰርዘው ብሄድ ኩስኮ ወዳለው ትምህርት ቢሮ ተልኳል አሉኝ።

እሑድ ማድ ቤት ውስጥ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ይቅር በዪኝ አልኳት። በወጋችን የተለመነ ሰው የለማኙን እጅ ይዞ እንደሚያነሣ ታውቂያለሽ። እሷ የዶሮዎቹን በቆሎ ይዛ አልፋኝ ወጣች። አልቆጣትም።

ለባልሽ ለኢራክሊዮ፣ ለኔስቶርና ለትንሿ ዱልፋ፣ ለአማትሽም ጭምር ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ባለቤቴ አናክሌቶ ጉልበት ስሞ ሰላም ብሎሻል። የኤልቪያን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልሽም፤ በእሷ ፈንታ የተናገርኩት ይበቃል።

እህትሽ ሳቱርኒና
ሲኩዋኒ፣ ጁን 14 ቀን 2017