የአባባ መጦሪያ ማሳ

ይድረስ ለወንድሜ ለታረቀ አካለ ወልድ፤
አሰብ።

ስምህን ስጠራ ድካሜ ለሚቀለኝ ለወንድሜ፣ ከጮቄ ተራራ ቢመዘን የሚያመዝን የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የባሕሩ ወበቅ እንዴት አድርጎሃል? ዓይኔን አመመኝ ብለህ የጻፍህልኝ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ሥራነሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ክብር ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁንና ቆመን እንሄዳለን። ደኅና ነን እንዳልልህ ደክሞናል፤ ደኅና አይደለንም እንዳልልህ ደግሞ ፈጣሪን መክሰስ ይሆንብኛል።

እስከ ዛሬ ዝም ያልሁህ፣ ክፉ ወሬ በሩቅ አገር ላለ ሰው ምን ያደርግለታል ብዬ ነው። አሁን ግን ያንተን ቃል የሚፈልግ ነገር መጥቷልና ከሥሩ ልንገርህ።

ባለፈው ክረምት አባባን ጎናቸው ሲከዳቸው፣ የአጎታችን ልጅ ባዘዘው «መሬታቸውን እያረስሁ፣ እሳቸውን በቤቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ልጡር» ብሎ በሽማግሌ ፊት ቃል መግባቱን ታውቃለህ። እኔ ከባለቤቴ ጋር ቁይ በኪራይ ቤት፣ አንተ ባሕር ዳርቻ፤ ባዘዘውም የሥጋ ዘመዳችን ነው። ደስ ብሎን መርቀን ሰጠነው። ያን ሁሉ ደቀ መዝሙር ያስተማሩ መሪጌታ ጧሪ አያጡም ብለን ነበር።

ለኪዳነ ምሕረት ልጠይቃቸው ሄድሁ። ባዘዘው ገበያ ወጥቷል። ሚስቱ «ተኝተዋል» ብላ ከበር ልትመልሰኝ ፈለገች። አልፌያት ገባሁ። አባባ መደብ ላይ የሉም፤ ጓዳም የሉም። በጋጣው ውስጥ፣ ከጥጆቹ አጠገብ ሣር ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው። ጋቢያቸው በጀርባቸው ቁስል ላይ ተጣብቋል። እኔን ሲያዩኝ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «የዓለምዘርፍ፣ ቀስ በይ፣ ጥጃዋን ትቀሰቅሻታለሽ» አሉኝ። አላለቀስሁም ወንድሜ። ያን ጊዜ ብጀምረው መቆሚያ አልነበረውም።

ባለቤቴን እንዳላማውን አስጠርቼ፣ ከጎረቤት ሰዎች ጋር በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ገዛ ቤታቸው መለስናቸው። የቁይን ቤት ለቀቅን፤ የፈትል ንግዴንም ተውሁት። ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ አባባን ማገላበጥ ነው። ቁስላቸውን በሞቀ ውኃና ጨው አጥባለሁ፤ ልብሳቸውን ወንዝ አወርዳለሁ፤ አጥሚቱን በማንኪያ አጎርሳለሁ፤ ግማሹ በአገጫቸው ይወርዳል። ሳጥባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲመልሱ፣ ከወገቤ ሕመም ይልቅ የሳቸው ማፈር ይብስብኛል። ያገሩ ሰው «የአባት ምርቃት ታገኛለሽ» ይለኛል። አገኝ ይሆናል። ምርቃት ግን ውኃ አይቀዳም።

ሳይውል ሳያድር ባዘዘው ከሰሰን። «ልጡር ብዬ የተረከብሁትን ሰው በጉልበት ወሰዱብኝ፤ እኔ አልጦርም አላልሁም፣ ስለዚህ መሬቱን አልለቅም» አለ። አባባ የቀጠሮውን ቀን ሲሰሙ «ውሰዱኝ» አሉ። ብንለምናቸው እምቢ አሉ። ከአጥቢያው ዳኛ ፊት በቃሬዛ አቀረብናቸው፤ ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ።

ዳኛው «መሪጌታ፣ እውነት ልጅዎ አስገድዳ ወሰደችዎ?» ብለው ጠየቋቸው። አባባ አፋቸው ትንሽ ይተሳሰራል እንጂ ልቦናቸው እንደ ድሮው ነው። «ጌታዬ፣ እግዜር ይመስክር፣ ባዘዘው አላስራበኝም። ለጥጆቹ ድርቆሽ፣ ለኔም እንጀራ ይሰጠን ነበር። ልዩነታችን፣ ጥጆቹን ሰው ያነጋግራቸው ነበር። ጧሪ አገኘሁ ብዬ ከጦር ጋር ከረምሁ» አሉ። ቅኔው ገብቶት የሳቀ ነበር፤ ሳቁ ግን ከመካከል ተሰበረ።

ባዘዘው አንገቱን ደፋ። «ሚስቴ አራስ ነበረች። አንዱ በሬዬ ሞተ። መጀመሪያ አጥባቸው ነበር፤ ኋላ አቃተኝ። አቃተኝ ማለት አፈርሁ» አለ። ወንድሜ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጠልቼው ነበር። ያን ሲናገር ግን ድካሙን አወቅሁት፤ ወገቤ ላይ ያለው ነውና። ዳኛውም «የጦረ ይብላ፣ ያልጦረ ይልቀቅ» ብለው መሬቱን ለአባባ መለሱ። ባዘዘው ለዘንድሮ አለስልሶት ስለ ነበር፣ ለልፋቱ ከሚመጣው ምርት እንዲካፈል ፈረዱለት። ደጅ ስንወጣ ቃሬዛውን አንዱን ጫፍ ይዞ እስከ ወንዙ ሸኘን።

እንግዲህ ያንተ ነገር እዚህ ላይ ነው። አባባ «ነገ ደግሞ ሌላ ጠብ እንዳላወርሳችሁ» ብለው፣ የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደ ሚካኤልንና ሽማግሌዎቹን አስጠሩ። እንዲህም ተናዘዙ፦ «ከወንዙ ዳር ያለው ማሳ እስክሞት ለሚሸከመኝ ይሁን፤ ከሞትሁም በኋላ የርሱ ነው። የቀረውን ሁለቱ ልጆቼ እኩል ይካፈሉት። ተዝካሬን በአንድነት ያውጡ። የሚሸከመኝ ቢደክመውና ቢተወኝ ግን ማንም እንዳይወቅሰው፤ ማሳው ወደሚተካው ይለፍ።» ይህን የመጨረሻውን ሲናገሩ ወደኔ አላዩም። መውጫ በር ሊከፍቱልኝ መሆኑ ግን ገባኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ ያን ዕለት አለቀስሁ።

አባ ወልደ ሚካኤል ግን «አንደኛው ልጅ በሌለበት የተባለ ነገር ኋላ ነገር ይወልዳል፤ የታረቀ ቃል ይምጣ» ብለው ኑዛዜውን ሳያጸኑት አቆዩት። አባባ ተቆጥተው «ርስቱ ታረቀን ይጠብቀዋል፤ እኔ ነኝ የማልጠብቀው» አሉ።

እኔም አልደብቅህም፤ ማሳውን እፈልገዋለሁ። ከአገሩ ሁሉ ለም መሬት እሱ እንደ ሆነ፣ አንተም ልጅ ሳለህ የምትወደው እንደ ሆነ አውቃለሁ። አባቷን የምትጦረው ለመሬት ብላ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ስወዳቸውም እራባለሁ፤ ስወዳቸውም አረጃለሁ። እኔም ነገ ወገቤ ሲከዳኝ ለሚያገላብጠኝ የምሰጠው ነገር ይኑረኝ። ከተስማማህ ቃልህን በአባ ወልደ ሚካኤል ስም ጽፈህ ላክ፤ በሽማግሌዎቹ ፊት ይነበባል። ካልተስማማህም አልቀየምህም፤ ግን በወረቀት አትከራከረኝ። ና፣ አንድ ክረምት አብረኸኝ አገላብጣቸው፣ ከዚያ የፈረድኸውን እቀበላለሁ።

እንዳላማው «በሬ ጠምጄ ስውል ሰላምታዬን አትርሺ» ብሎኛል። ልጄ ያለምወርቅ ጉልበትህን ስማለች፤ አድጋ ቁመቷ እኔን አልፏል። የክርስትና እናትህ እማሆይ ማንጠግቦሽ በጸሎታቸው ያስቡሃል። ሥራነሽን ሳምልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ዓይናቸውን ሳምልኝ።

አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናቸው። ምን ልበልልዎ ስላቸው እንዲህ ብለሽ ጻፊ አሉኝ፦ «ቀኝ እጄ አልታዘዝ ብላኛለች። ሲመጣ በግራዬ ብባርከው ቅር እንዳይለው።»

እህትህ የዓለምዘርፍ አካለ ወልድ
ቁይ አጠገብ፣ ከአባታችን ቤት
ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.