በእጄ ላይ የተላከከው ፈንገስ

ለማልረሳሽ ለምናፍቅሽ እህቴ ለእታለም አሰገደች፤ ከልጄ ከኤልሮኢ ጋር እንደምን ከረማችሁ? እኔ እዚህ አረብ አገር፣ ሳልዋ በሚሉት ሰፈር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንጀቴን ያሳረረውን ነገር ግን ልንገርሽ።

የአሠሪዬ የማዳም እናት በኮሮና ምክንያት ሆስፒታል አንድ ወር ተኝተው ሲመለሱ ቁስላቸው ላይ ፈንገስ ተገኘ። ማዳም እንግዳ ፊት፣ «ይሄን ቆሻሻ ከሀገርሽ ያመጣሽው አንቺ ነሽ!» አለችኝ። እርግጥ ነው፣ በበረኪና ብዛት የጣቶቼ መሃል ተልጧል። አሮጊቷን የማጥባቸው፣ የማገላብጣቸው እኔ፤ ቆሻሻዋም እኔ! ምግቤን በላስቲክ ሳህን ለይታ ስትወረውርልኝ፣ «እንግዲያው እኔንም መርምሩኝ!» ብዬ ጮኽኩባት።

ሆስፒታል ሄደን ተመረመርን። ዶክተሯ ለማዳም እንዲህ አለቻት፦ «ፈንገሱ ስሙ አንድ ቢሆንም ዘሩ ብዙ ነው። ከእሷ ጣት የተገኘውና የእናትሽ አይገናኙም። የእናትሽ፣ ሆስፒታል እዚያው ክፍል አብረዋቸው ከተኙት ሦስት ሴቶች ጋር አንድ ዘር ነው።»

ማዳም ምን አለች መሰለሽ? «ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ ኩሽና ሂጂ!» «አሲፍ» ማለት ይቅርታ መሆኑን እኔ እንኳ በመጣሁ በሳምንቴ ተምሬዋለሁ። እሷ በእናቷ ቋንቋ ጠፋባት?

ዶክተሯ ለእሑድ ተመለሺ ብላኛለች፤ ስለ ጣቴ አይደለም፣ በምርመራው ሌላ ነገር አይታ ነው። በላክሁልሽ ፎቶ ላይ ቀሚሴ የሰፋኝ በሙቀቱ ነው፤ እማዬ ከጠየቀችሽ እንደዚያ በያት። ኤልሮኢ ድምፄን እንዳትረሳው በስልክ የቀረጽኩላትን ተረት አሰሚያት። ሃያ ተረት ልኬያለሁ፤ እስከ እሑድ ሌላ አሥር እጨምራለሁ።

ጎረቤቱን ሁሉ በስሜ ሳሚልኝ፤ ጸሎታችሁ አይለየኝ።

እህትሽ ወይንሸት