በራችን ላይ ያሉት ሦስት ስሞች

ሰኞ፣ ማርች 11 ቀን 1996

ተፈራ ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎን ገባ። ባሌ ይህን የሚያደርገው ሲናደድ ብቻ ነው። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት አሮጊት፣ ፍሩ ሊንድ፣ ሊፍት ውስጥ አግኝተውት «ሄር ኦላና፣ እንደምን ዋልክ!» ብለውታል። አቶ ኦላና ማለታቸው ነው፤ በስዊድንኛ ሄር አቶ፣ ፍሩ ደግሞ ወይዘሮ ነው።

«ኦላና የሚስቴ አባት ናቸው» ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ግን ይበልጥ ግራ ገባቸው። «ታዲያ ተፈራ የሚባለው ተከራይ ማን ነው?» ብለው ጠየቁት። ሳቄ አመለጠኝ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ሴትዮዋስ ምን ያድርጉ? በራችን ላይ ሦስት ስም ተለጥፏል። ወልዴ የተፈራ አባት፣ ኦላና የእኔ አባት፣ ተፈራ ደግሞ የልጃችን የሩት አባት፣ ማለትም ራሱ። ለእኛ ይህ አንድ ቤተሰብ ነው። ለስዊድኖቹ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ተዳብለው የሚኖሩበት ቤት ነው። እዚህ ስዊድን፣ ኖርስቦሪ ከገባን ጀምሮ እንዲህ ነው።

በዚህ ላይ ዛሬ መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አዲስ የስም ሰሌዳ ሊሰቀል ነው፤ ለአንድ ቤት አንድ ስም ብቻ። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ዓርብ ቤት ለቤት እየዞረ ይጠይቃል።

ተፈራ ሁለቱን ነገር አገናኘና እራት ላይ ወሰነ። «አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ስም። ሁላችንም ወልዴ እንባል። የስም መለወጫ ማመልከቻ አምጥቻለሁ፤ ዓርብ እልከዋለሁ።» የውሃ ኢንጂነር አይደል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ቧንቧ ካልፈሰሰ እንቅልፍ አይወስደውም። ሳህኖቹን ማንሣት ጀመርኩ። ካልተቃወምኩት እሺ ያልኩ ይመስለዋል።

ማክሰኞ

ሥራ ቦታ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ዋልኩ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼ «ማርታ ወልዴ፣ ማርታ ወልዴ» እያልኩ ሞከርኩት። ክፉ ስም አይደለም። አማቴ አቶ ወልዴም ደግ ሰው ነበሩ። ግን ማርታ ወልዴ እኔ አይደለሁም። ቢጠሯትም ዞር ብዬ አላይም።

አባባ ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም። ነቀምቴ፣ ሚሲዮን ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያክሙ ድሬሰር ነበሩ። ወንድ ልጅ የለውም ብሎ ዘመድ ሲያዝንላቸው ይስቁ ነበር። ዲፕሎማዬን ስቀበል «ማርታ ኦላና» ተብሎ ሲጠራ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ብድግ ብለው ብቻቸውን አጨበጨቡ። ዛሬም እኮራባቸዋለሁ። አምና አረፉ። ስማቸው ያለው እኔ ጋ ነው። እኔ ከተውኩት ማን ሊይዘው?

ይህን ለተፈራ መናገር ሲገባኝ ድስት ሳጋጭ አመሸሁ። «ምነው ማርቲ?» ቢለኝ «ምንም» አልኩት።

አንድ ደግ ወሬ አለ። ሩት ሐሙስ ማታ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ንግግር ታቀርባለች፤ ወላጆችም ተጋብዘናል። ርእሷ የአሜሪካ ቤተሰብ ከዘመን ዘመን እንዴት እንደተለወጠ ነው። «እዚህ እየኖርን አሜሪካን ምን አመጣው?» ብላት፣ «ማሚ፣ በዕጣ ነው የደረሰኝ። ለጓደኛዬ ጃፓን ነው የወጣላት» አለችኝ። ይህን ያለችው በስዊድንኛ ነው። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በስዊድንኛ፤ የቤታችን ወግ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል።

ረቡዕ

ሽንኩርት ስከትፍ ሩት ንግግሯን ተለማመደችብኝ። ልጄ ጎበዝ ናት! ከቤተ መጻሕፍት ያመጣቻቸውን ሥዕሎች ማቀዝቀዣው ላይ በተራ ለጥፋለች።

መጀመሪያ የገበሬ ቤት። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሠራተኛውም ሳይቀር አንድ ማዕድ ላይ።

ከዚያ ከተማና ፋብሪካ። አባት ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል።

ከጦርነቱ በኋላ ሣር ያለው ግቢ፣ የሚያብረቀርቅ መኪና፣ ሽርጥ ታጥቃ በር ላይ የቆመች እናት።

በመጨረሻ እናትም ሥራ ወጣች። ፍቺ፣ እንጀራ አባት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ ከሁለት ትዳር የመጡ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር።

ተፈራ ውሃ ሊጠጣ ገብቶ መኪናው ያለበት ሥዕል ላይ ጣቱን አሳረፈ። «አየሽ፣ ማርቲ? አንድ ቤት፣ አንድ ስም። ሥርዓት ማለት ይህ ነው።»

ሩት ቀበል አደረገችና «ፓፓ፣ ያኔ እኮ ሴትዮዋን የሚጠሯት በባሏ ሙሉ ስም ነበር። የራሷ ስም የት እንደገባ እንኳ አይታወቅም» አለችው።

ይሄኔ አፌን መያዝ አቃተኝ። ቢላዋውን አስቀምጬ «እኔም የት እንደምገባ እንጃ። የአባባን ስም አልተውም፣ ተፈራ» አልኩ። እንባዬም መጣ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ነገሩን በዚህ በኩል አላሰበውም ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ግን እልኸኛ ነው። «እኔ እኮ አንድ እንድንሆን ብዬ ነው» ብሎ ወጣ። ማመልከቻው ማቀዝቀዣው አናት ላይ ተቀምጧል። ለመጸለይ ተንበርክኬ ጸሎቱም ውስጥ ከተፈራ ጋር ተከራከርኩ።

ሐሙስ

የዛሬውን ሳልጽፈው አልተኛም።

ክፍሉ በወላጆች ሞልቶ ነበር። እኔና ተፈራ እንደተኳረፍን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሩት አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ ከገበሬው ቤት እስከ ዛሬ ደረሰች። «አሁን አሜሪካ ውስጥ አንድ የፖስታ ሣጥን ላይ ሁለት ሦስት ስም ማየት የተለመደ ነው። ስታገባ ስሟን የማትለውጥ ሴትም እየበዛች ነው። ይህ አዲስ ነገር ነው ይባላል» አለች። ከዚያ የመጨረሻውን ሥዕል ሰቀለች።

የእኛ በር! ፎቶ አንስታዋለች። ወልዴ፣ ኦላና፣ ተፈራ።

«ይህ የእኔ ቤት ነው። በወላጆቼ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። አያቶቼም እንደዚሁ ነበሩ። አሜሪካኖቹ ገና አሁን እየደረሱብን ነው።»

ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። አንገቴ ሲረዝም ተሰማኝ።

መምህሯ ግን፣ ስማችሁ ከተለያየ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ ስትል ጠየቀቻት። ሩት «እንቆጥራለን» አለችና ጣቷን እያጠፈች ጀመረች። «ሩት፣ ተፈራ፣ ወልዴ፣ ካሳዬ፣ ይመር።» ይህንን አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ልምምድ ሲወስዳት ተፈራ ባቡር ውስጥ ያስቆጥራታል። ያበቃች መስሎኝ ነበር። ሌላኛውን እጇን ዘረጋች። «ሩት፣ ማርታ፣ ኦላና፣ ጉደታ፣ ነገዎ፣ ቡልቶ።»

እኔ አላስተማርኳትም።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ «ማን ነገረሽ?» አልኳት። በአማርኛ መለሰችልኝ። «ፓፓ ነዋ። ስንሄድ የእሱን፣ ስንመለስ ያንቺን። አባባ በስልክ ነግረውት ነው።»

ተፈራ መስኮቱን ያያል። ዋሻ ውስጥ ነበርን፤ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ዓርብ

ተቆጣጣሪው የመጣው ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። በሩን የከፈተለት ተፈራ ነው።

«ምን አልከው?»

«የሚጻፈውን ነገርኩት። ነገ ይሰቀላል፤ ታዪዋለሽ።»

ጋዜጣውን ገልጦ ተቀመጠ። ማመልከቻው ማቀዝቀዣው አናት ላይ የለም። ልኮት ይሆን? አልጠየቅሁም። የትላንቱ ደስታዬ እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ። ሩት ምርጥ ውጤት አግኝታለች፤ መምህሯ የበሩን ፎቶ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አስቀርታዋለች።

ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ መግቢያው ላይ ሰሌዳው ተሰቅሏል። ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ። ዓይኔ ወልዴን ፈለገ። የለም። የእኛ ፎቅ ጋ፣ ከቤት ቁጥራችን ጎን፣ አንድ ስም ብቻውን ተጽፏል። ኦላና።

ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ አለቀስኩ። አንድ ባለ ውሻ ጎረቤት ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። «የአባቴ ስም ነው» አልኩት። ምን ይገባዋል።

ተፈራ በራችን ላይ ጠበቀኝ። «ወልዴን እኔ ይዣቸዋለሁ። እኔን ሩት ይዛኛለች። አባባ ካንቺ ሌላ ማን አላቸው?» አለኝ። ማመልከቻውን ቀዶታል። ኮቴን ሳላወልቅ አቀፍኩት። በዚህ ሰው ኮራሁ፤ እልኸኝነቱን ግን አልረሳለትም።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ስንወጣ ሊፍቱ ውስጥ ፍሩ ሊንድ ነበሩ። ሰሌዳውን አይተዋል፤ ደስታቸው ልክ የለውም። «አላልኩህም? ትክክል ነበርኩ እኮ፣ ሄር ኦላና!»

ወደ ተፈራ ዞርኩ። ሩት እጄን ጨበጠችኝ።

ተፈራ ኮፍያውን አነሣና ጎንበስ ብሎ «አቤት!» አላቸው።