የሩቂያ ኩሬና የማይገጥመው ጎማ

ሰኞ

ነቀልኩት። በገዛ እጄ። ቃሪያውን ላጠጣ ብዬ ጎማውን ሳብ ባደርገው መጋጠሚያው ጧ ብሎ ተላቀቀና ውሃው አጥር ተሻግሮ የጎረቤታችን የአባ ይማም ልብስ ላይ ተረጨ። ሮጬ ፓምፑን ከሶኬቱ ነቀልኩ። እጄን ይቁረጠው!

ከኩሬው ፓምፕ የሚወጣው ጥቁር ቱቦ ወፍራም ነው። ውሃውን ወደ ላይ ወስዶ መልሶ ኩሬው ላይ የሚያፈሰው ጎማ ደግሞ ቀጭን። ታናሽ እህቴ ሩቂያ ሁለቱን እንዴት እንዳጋጠመቻቸው አላህ ይወቅ። በላስቲክ ጠቅልላ፣ በሽቦ አስራ፣ ብቻ ይሠራ ነበር። አሁን ላስቲኩ ተቀዷል፣ ውስጡ የነበረው ማገናኛም ለሁለት ተሰንጥቋል። ውሃው ከላይ እየወደቀ ካልተናጠ ዓሦቹ አየር ያጥራቸዋል።

ይኼን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ደሴ ሐኪም ቤት ልትተኛ ስትሄድ። "እታለም፣ ሌላው ቢቀር ዓሦቼን አደራ" አለችኝ። ቤቴን አላለች፣ ልብሴን አላለች። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ባዶ እጇን ወጥታ፣ ጓሮዋን ቆፍራ፣ በሲሚንቶ ለስና ያሳደገቻቸው ቆሮሶ ዓሦች ናቸው። አሁን ገና ለምግብ ቤት ሊደርሱላት ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ እኔ ሳምንት እንኳ አልጠበቅኩትም።

ለሷ መንገር አይታሰብም። የሐሞት ጠጠሯ እንዲወጣላት መጀመሪያ የደም ግፊቷ መውረድ አለበት። ሐኪሙ "እንዳትጨነቅ" ብሏል። ባሏ ሑሴን አጠገቧ ነው፤ ለሱም አልነገርኩት፣ ሑሴን እንደሆነ መዋሸት አይችልበትም፣ ፊቱ ይናገራል። የቧንቧ ሠራተኛ ጋ ደወልኩ። "ነገ" አለኝ።

ማክሰኞ

ሱብሒ ሰግጄ ብቅ ስል ዓሦቹ በሙሉ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ያ ረቢ! በባልዲ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ ማፍሰስ ጀመርኩ። ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ፣ ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ፀሐይ ጠንከር ስትል ትንሽ ተረጋጉ።

እጄን ሳላደርቅ ሩቂያ ደወለች። ዓሦቹ እንዴት ናቸው? አልሐምዱሊላህ። በልተዋል? በልተዋል። "እስቲ የውሃውን ድምፅ አሰሚኝ፣ እሱን ስሰማ ልቤ ይረጋል" አለች። ከዚያስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አረንጓዴውን ጆግ ሞልቼ ሳፋ ላይ ቀስ እያልኩ አንቆረቆርኩላት። አዳመጠች። ጆጉ ሲያልቅብኝ "ኔትወርኩ..." ብዬ ዘጋሁት። ወይ ጉዴ! በዚህ ዕድሜዬ።

ሠራተኛው ዛሬም "ነገ" አለ። የነገ ልጅ! እዚህ ኮምቦልቻ ያሉት ሱቆች "ደሴ ፒያሳ ሞክሪ" ስላሉኝ ሚኒባስ ይዤ ደሴ ወጣሁ። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ "ስንት በስንት?" አለኝ።

"አንዱ አውራ ጣቴን ያስገባል፣ አንዱ አያስገባም" አልኩት።

"እናቴ፣ ያንቺን አውራ ጣት መለኪያ ከየት ላምጣ? ቁራጩን ይዘሽ አትመጪም ነበር?"

ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና የሚያውቅ ሰው መስዬ "ባለ አንድ ኢንቹን ወደ ሦስት ሩብ የሚያወርደውን ስጠኝ" አልኩ። ሰጠኝ። ቤት አምጥቼ ስሞክረው አንዱ ጫፍ ቱቦው ላይ ይዋኛል፣ ሌላው ጫፍ ጎማው ውስጥ አልገባ ብሎ ድርቅ። ለካ አንዱ ዕቃ በውስጡ ይለካል፣ አንዱ በውጭው። ይኼን ማን ነገረኝ?

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ከፒያሳ እስከ ሩቂያ አልጋ በባጃጅ ትንሽ መንገድ ናት። አልሄድኩም። ፊቴን ካየች ታነበዋለች ብዬ ፈራሁ። ደሴ ድረስ ወጥቼ የታመመች እህቴን ሳልጠይቅ ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ እንባዬን በሻርፔ እየጠረግኩ ነው የመጣሁት።

ረቡዕ

አባ ይማም ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። ልብሳቸውን ስላበሰበስኩት ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብለው ቱቦውን አዩና "አብሽሪ፣ ልጄ። ጣት ላይ የጠበቀ ቀለበት በምን ይወጣል?" አሉኝ።

"በሳሙና፣ አባ።"

"በቃ፣ ይኼም በሳሙና ይገባል።"

እውነታቸውን ነው፣ ገባ። የገዛሁትን ማገናኛ በልብስ ሳሙና ለቅልቀን ለቅልቀን ጎማው ውስጥ ሰደድነው። የሚዋኘውን ጫፍ በብስክሌት ካላማዳሪ ጠቅልለን ጥፍር አድርገን አሰርነው። ፓምፑን ሰካሁ። ውሃው ወረደ! እልል ማለት ነው የቀረኝ። አባ ይማምም "አየሽ፣ አላህ ሲያገራው" አሉ።

ቁርሴን ልቀምስ ገብቼ ስወጣ ኩሬው አረፋ ለብሷል። ያ ሁሉ የለቀለቅነው ሳሙና! ዓሦቹ ይገለበጣሉ፣ ይንፈራገጣሉ። ፓምፑን ነቅዬ በባልዲ መድፋት፣ ከበርሜል እየቀዳሁ መጨመር። አባ ይማም በዚያ ጉልበታቸው ጣሳ ይዘው ያግዙኛል። እጄ እስኪላጥ ድረስ ውሃ ለወጥን። ብዙዎቹ ተረፉ። የተወሰኑት ግን ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጡ። ከነሱ ውስጥ ሩቂያ "ሙሽራዬ" የምትላት፣ ክንፏ ቀላ ያለው ትልቋ አለችበት። ፓፓያው ሥር ቀበርኳቸው።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው" አሉ አባ ይማም፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው። በንዴቴ "አዎ!" ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት። "እርስዎ ምን አደረጉ፣ የለቀለቅኩት እኔ" አልኳቸው።

ማታ ሑሴን ደወለ። ግፊቷ መውረዱ ቀርቶ ጭራሽ ወጥቷል። ኦፕራሲዮኑ ለነገ የታሰበ ነበር፣ ተላልፏል። "ትናንት ካንቺ ጋር ካወራች ወዲህ አፏን ዘግታለች። ሐዋ፣ ምን ብለሻት ነው?" አለኝ። ምንም፣ አልኩት። ምንም!

ሐሙስ

ዛሬ ልብ ገዛሁ። ሳሙና የነካውን ማገናኛ አውጥቼ ጣልኩና ከቱቦውም ከጎማውም ቁራጭ ቁራጭ ቆርጬ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። የከባድ መኪና ዕቃ የሚሸጥበት መንገድ ላይ ሳልፍ የራዲያተር ጎማ እንደ ቋንጣ ተሰቅሏል። አንዱ በአንድ በኩል ሰፊ ነው፣ እየጠበበ ሄዶ በሌላ በኩል ቀጭን ነው። ቆምኩ። ቁራጮቼን አወጣሁና በሁለቱም በኩል ሞከርኳቸው። ትንሽ ይጠብቃል፣ ግን ልኩ ነው!

"ለየትኛው መኪና ነው?" አለኝ ባለሱቁ።

"ለዓሣ።"

ሰውዬው አየኝ፣ ጎማውን አየው፣ ደግሞ አየኝ። አዲስ መሆኑን፣ ዘይት ያልነካው መሆኑን ሦስቴ አስምዬ ጠየቅኩት። ማጥበቂያ የብረት ቀለበትም ጨመረልኝ።

ሳሙና የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ደህና አድርጌ አጥቤ ጫፎቹን የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው፤ ጎማው ለስለስ ሲል አባ ይማም ቱቦውን ያዙልኝ፣ እኔ ገፋሁ። በካቻቢቴ አጠበቅኩ። ፓምፑን ስሰካ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ድምፁ ነው የነገረኝ።

ወዲያው ለሩቂያ ደወልኩ። "አዳምጪ" ብዬ ስልኩን ወደ ውሃው ዘረጋሁ።

"ይኼ ነው" አለች። "የማክሰኞው የአረንጓዴው ጆግ ነበር።"

ውሃው ዳር ተቀመጥኩ።

"ጆግ ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ እታለም። ኩሬ ሲያልቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሁሉም ሞተዋል ብዬ ሁለት ቀን በልቤ አንድ በአንድ ስቀብራቸው ነበር። ልታስታምሚኝ ብለሽ ነው ብዬ ቻልኩት እንጂ፣ አንቺ ከዋሸሽኝ ማንን ልመን?"

ነገርኳት። ጎማውን፣ ፒያሳውን፣ ደሴ ወጥቼ ሳላያት መመለሴን፣ ሳሙናውን፣ የመኪና ዕቃ ሻጩን። ሙሽራዋንም። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። "አፉ በይኝ፣ በድዬሻለሁ" አልኳት።

"አፉ ብዬሻለሁ። ግን ሁለተኛ ጆግ እንዳታሰሚኝ።" ትንሽ ቆይታ፣ "ለዓሣ አልሽው?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ጎኔን አመመኝ ብላ ዘጋች።

ዓርብ

ጠዋት ግፊቷ ወርዶ ተገኘ። ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት።

መጋጠሚያው በሥሩ በኩል ጠብ ጠብ ይላል። ጠበቅ ባደርገው ይሰነጠቃል ብዬ ፈርቼ ጣሳ አስቀመጥኩበት። ዓሦቹ ዛሬ ጠዋት አየር ፍለጋ አልወጡም፤ ፍርፋሪ ስጥል መጡ። እኔ ግን እህል አልወርድ ብሎኛል። አባ ይማም "ጁምዓ ላይ ዱዓ አስደርግላታለሁ" ብለው ሄደዋል። ኩሬው ዳር ቁጭ ብዬ ስልኩን አያለሁ። ቆየች። በጣም ቆየች።

ሑሴን ደወለ። ወጥታለች። ሐኪሙ ጠጠሩ በደህና ወጥቶላታል ብሏል፣ ግን እስካሁን ዓይኗን አልገለጠችም፣ ስትጠራ አትመልስም። "ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርገው" አልኩት፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ። ስልኩን የያዘ እጄን ውሃው የሚወድቅበት ድረስ ዘርግቻለሁ። ይኼን ማስታወሻ በግራ እጄ ነው የምጭረው፣ ዝም ብዬ መጠበቅ አቅቶኝ። ቀኝ እጄ ዝሏል፣ እጅጌዬ በስብሷል። አላወርደውም።

ከስልኩ ውስጥ ሑሴን ይጮሃል። "ፈገግ አለች! ሐዋ፣ ወላሂ ፈገግ አለች!" ይላል። ሊያጽናናኝ ብሎ ይሆን አልኩና ደግሞ ትዝ አለኝ። ሑሴን እንደሆነ መዋሸት አይችልበትም።